በሰው ጣሪያ ሥር የሚራባው የቦረና ጨረባ፦ መልኩ፣ መኖሪያውና ጠባዩ

ባለ ነጭ ጭራው ጨረባ (በሳይንሳዊ ስሙ ሂሩንዶ ሜጋኤንሲስ) በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ በራሪ ነፍሳትን እያደነ የሚመገብ አነስተኛ ዘማሪ ወፍ ነው። ለሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1942 በቤንሰን ሲሆን፣ የዝርያ ስሙም የተወሰደው በቦረና ከምትገኘው ከሜጋ ከተማ ነው። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህን ወፍ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑ ዝርያዎች መድቦታል።

ወፉ ከምንቃሩ እስከ ጭራው ጫፍ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጀርባው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከጉሮሮው እስከ ሆዱ ያለው ክፍል ደግሞ ነጭ ነው። ዋና መለያው ሲበር ጭራው ላይ ጎልቶ የሚታየው ሰፊ ነጭ ቀለም ነው። የእንስቷ ጭራ አጠር ያለ ሲሆን ነጩም ያንሳል፤ የወጣቶቹ ላባ ደግሞ ደብዛዛና ወደ ቡናማ ያደላ ነው። በዚያው አካባቢ ከሚታየው የኢትዮጵያ ጨረባ የሚለየው ግንባሩ ላይ የዝገት ቀለም ባለመኖሩ ነው።

መኖሪያው በያቤሎና በሜጋ ዙሪያ የሚገኘው፣ ግራር አልፎ አልፎ የበቀለበት ገላጣ የሣር ምድር ነው። ብቻውን፣ ጥንድ ሆኖ ወይም በትንንሽ ቡድን ከመሬት ብዙም ሳይርቅ በፍጥነት እየበረረ ነፍሳትን በአየር ላይ ይይዛል። ስለዚህ የግጦሹ መሬት በቁጥቋጦ መወረር የአካባቢውን አርብቶ አደር ብቻ ሳይሆን ይህን ወፍም የሚመለከት ለውጥ ነው።

የስርጭቱ ጠባብነት ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር፤ ወፉን የሚያግድ ተራራም ሆነ ወንዝ በዙሪያው አይታይምና። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን መልሱ የአየር ጠባይ ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። ይህ ከፍታ በዙሪያው ካለው ቆላ ይልቅ ቀዝቀዝ ይላል። ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬሰማኒ የተባለው የቁራ ዘመድም በዚሁ ክልል ተወስኖ መኖሩ ይህን ግምት ያጠናክራል። ሙቀቱ እየጨመረ ከሄደ ለጨረባው የሚስማማው ክልል በያዝነው ምዕተ ዓመት ከግማሽ በላይ ሊቀንስ እንደሚችል ትንበያዎች ያሳያሉ።

የመራቢያ ጠባዩ ከዚህ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ቀደም ሲል በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ይራባል ተብሎ ይገመት ነበር። ነገር ግን ጎጆው የተገኘው በቦረና ቤቶች ውስጥ ነው፤ ወፉ በሰዎች መግቢያ በር እየገባና እየወጣ፣ ከጣሪያው ሥር በጭቃ የሠራውን ጽዋ መሰል ጎጆ ይጠብቃል። ቤተሰቡ ከታች፣ ጫጩቶቹ ከላይ ያድጋሉ።

እንግዲህ የዚህን ወፍ ጥበቃ ከሰው ቤት ለይቶ ማየት አይቻልም። የሣር ክዳን ሙቀትን በዝግታ ሲያስተላልፍ ቆርቆሮ ግን በፀሐይ ፈጥኖ ይግላል። ስለሆነም የጣሪያው ዓይነት በእንቁላሎቹና በጫጩቶቹ ላይ የሚያመጣውን ልዩነት በጎጆው ውስጥ በሚደረግ የሙቀት ልኬት ማጥናት ለተመራቂ ተማሪዎች አቅም የተመጠነ፣ ለዝርያው ህልውናም ጠቃሚ የምርምር ርዕስ ነው። እንዲህ ያለው ጥናት የቤቱን ባለቤቶች ፈቃድና ዕውቀት መነሻው ሊያደርግ ይገባል፤ ወፉን እስከ ዛሬ በጣሪያቸው ሥር ያስጠለሉት እነርሱ ናቸውና።