ጎማና አፈር፦ ከመቐለ ወደ ጨው ሜዳ የሚያወርድ መንገድ እንዴት ይመረጣል?

ባለአራት ጎማ ሞተር ብስክሌት በሀገራችን ገና በብዛት አይታይም። መቐለ ላይ ሆኖ ለዚህ መሣሪያ የሚሆን ውብ መንገድ የሚሻ ሰው ግን ዓይኑን ወደ ምሥራቅ ማቅናቱ አይቀርም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከሐመድ ኢላ ባሻገር የተዘረጋው የጨው ሜዳ ደግሞ ከባሕር ጠለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በመካከላቸው ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ቢለካ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ አጭር ርቀት የኖራ ድንጋይ፣ የአጉላዕ ሼል፣ ዶለራይት፣ የአሸዋ ድንጋይና ከሁሉም ሥር ያለው ጥንታዊ አለት ይፈራረቃሉ። መንገድ መምረጥ ማለት እንግዲህ እነዚህን ማንበብ ነው።

በቅድሚያ ጎማው መሬቱን ምን ያህል እንደሚጫን እንመልከት። ጎማ መሬት የሚነካበት ስፋት፣ በግምት፣ የተሸከመው ክብደት በውስጡ ላለው የንፋስ ግፊት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከነጭነቱ 2,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን ላንድክሩዘር ጎማዎቹ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2.6 ኪሎ ግራም ግፊት ቢኖራቸው፣ አራቱ ተደምረው መሬት የሚነኩት በ1,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ከነነጂው 350 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ሞተር ብስክሌት ጎማው የሚሞላው በ0.35 ያህል ስለሆነ እርሱም የሚነካው ስፋት ያው 1,000 ነው። ክብደታቸው ከሰባት እጥፍ በላይ ቢለያይም የሚያርፉበት ስፋት እኩል ነው ማለት ነው። ለንጽጽር ያህል፣ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሆነ የአንድ እግሩ ጫማ ላይ ሲቆም የሚያሳርፈው ግፊት እንዲሁ 0.35 ነው።

ይህ ስሌት ግን መሬቱን አንጎዳም ብለን እንድንዝናና አያደርገንም። እግር ይጫናል፤ ጎማ ግን ከመጫን አልፎ ይፍቃል። በተለይ በመቐለ ዙሪያ ከዶለራይት የተገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ያን ጊዜ በጎማና በአፈሩ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን ወደ 0.2 ሊወርድ ይችላል። ይህም ማለት 11 ዲግሪ በሆነ ዳገት ላይ ጎማው መንሸራተት ይጀምራል። ጎማው ቆፍሮ የተወው መስመር በቀጣዩ ዝናብ የውሃ መውረጃ ይሆናል። የመቐለና የቤልጅየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ የመቐለ–ዓድዋ መንገድ ከተሠራ በኋላ አንድ ቦታ ላይ የተሰበሰበው ጎርፍ ከመንገዱ በታች ቦረቦር እንዴት እንደሚፈጥር አሳይተዋል። የጎማ ፈለግም መጠኑ ያንሳል እንጂ ሥራው ያው ነው። ስለዚህ በዋልካ ላይ ክረምት ሳይወጣ አለመንዳት፣ በበጋም ቢሆን ከተለመደው ዱካ አለመውጣት ይበጃል። ጥድና ወይራ በሚበቅሉበት በደስአ ደን ውስጥ አዲስ ዱካ ማውጣት ደግሞ በእኔ አስተያየት በማንኛውም ወቅት ሊፈቀድ አይገባም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ምክንያት በትግራይ ያልፈነዱ ተተኳሾች መኖራቸውም ሊዘነጋ አይገባም። ከዱካ መውጣት እዚህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ የአካባቢውን ነዋሪ ሳይጠይቁ መነሳት የለም።

ከደጋው ጠርዝ ወደ በርሃሌ ሲወረድ እጅግ የሚያጓጓው ግመሎች አሞሌ ጭነው ለዘመናት የተመላለሱበት የአርሆ መንገድ ነው። ግመል ቁልቁለቱን አግድም እየቆረጠ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ለእርሱ የተስማማው መንገድ ግን ለሞተራችን ላይስማማ ይችላል። የግራና የቀኝ ጎማዎቹ መካከል ለመካከል 90 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁና ከነነጂው የስበት ማዕከሉ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ 45 ለ70 ሲካፈል 0.64 ይሆናል፤ ማዕዘኑ 33 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ቆሞ ሳለ የሚገለበጥበት ልክ ነው። በጉዞ ላይ አንዱ ጎማ ድንጋይ ቢወጣ ልኩ በእጅጉ ይቀንሳል። በመሆኑም አግድም የተንጋደደን ጠባብ መተላለፊያ ትቶ፣ ረዘም ቢልም ሜዳ ሜዳውን የሚሄደውን መምረጥ ይሻላል። በበርሃሌ አካባቢ ያሉት ደረቅ የወንዝ አሸዋዎች ለዚህ የተመቹ ይመስላሉ። ነገር ግን ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቦታ ድንገት ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል፤ በክረምት እዚያ ማደርም ሆነ ማረፍ አይገባም።

በመጨረሻ ጨው ሜዳው ላይ ስንደርስ ከላይ ያሰላነው ቁጥር ይጠቅመናል። 100 ግራም ውሃ 36 ግራም ያህል ጨው ያሟሟል፤ ጎርፍ የተኛበት ቅርፊት ከላይ ነጭና ጠንካራ መስሎ ከሥሩ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ጠቆር ብሎ እርጥበት የሚታይበትን ቦታ መራቅ፣ ያጠራጠረውን ደግሞ ወርዶ በእግር መሞከር ነው። እግር የሚያሳርፈው ግፊት ከሞተር ብስክሌቱ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ሰውን የቻለ ቅርፊት በዝግታ የሚሄደውን ሞተርም ሊችል ይችላል። ከኋላ የሚከተለው ላንድክሩዘር ግን ግፊቱ ከሰባት እጥፍ በላይ ነውና በዚያው ፈለግ እንዲመጣ አይጠራም።