ልጅ የሚቆምበት በርጩማ

የእጅ ሥራ ትምህርት

አንድ ልጅ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው እጁን ራሱ መታጠብ ይፈልጋል። ኩባያውንም ራሱ ማውረድ ይፈልጋል። ይህ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን የውሃው ጀሪካንም ሆነ መደርደሪያው የተሰቀሉት በአዋቂ ቁመት ነው። ልጁ ሲያጥረው ምን ያደርጋል? ባዶ ጀሪካን ያጋድማል፤ ወይም ማሰሮ ይደፋል፤ ወጥቶበትም ይንጠራራል። እናት «ኧረ ውረድ፣ ትወድቃለህ!» ትላለች። እሱም ይወርዳል። ዞር ስትል ግን ተመልሶ ይወጣል።

በብዙ ቤት ምድጃው እዚያው አጠገብ ነው። የፈላ ወጥና የጋለ ምጣድ ባለበት ቤት የልጅ መውደቅ መላላጥ ብቻ አይደለም፤ መቃጠልም ነው። የተቃጠለ እጅ ቁስሉ ቢድን እንኳ ጣቶቹ ተኮማትረው ሊቀሩ ይችላሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። ቁጣ ብቻውን አይበቃም። ልጁ የሚቆምበትን እኛ ካልሠራንለት፣ እሱ የማይሆነውን ያገኛል።

ባለ ሦስት እግሩስ?

«ቤታችን ውስጥ በርጩማ አለ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጎርበጥባጣ ወለል ላይ እንኳ አይንገዳገድም። ሦስቱም እግሮች ሁልጊዜ መሬት ይነካሉ። ስለዚህ ለመቀመጫ ተስማሚ ነው። ለመቆሚያ ግን አይሆንም። ልጁ በሁለት እግሮች መካከል ባለው ጠርዝ ላይ ሲቆም ክብደቱ ከሦስቱ እግሮች ውጭ ይወድቃል፤ በርጩማውም ይገለበጣል። ለመቆሚያ የሚሆነው እግሩ እስከ ጠርዙ የሚደርስ፣ ዝቅ ያለና ሰፊ በርጩማ ነው።

እንጨቱ

ለአንድ በርጩማ ብሎ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። ከአሮጌ ሳጥን ወይም ከቤት ሥራ የተረፈ ጣውላ ይበቃል። ዋንዛ ለመጋዝም ለሚስማርም የተመቸ እንጨት ነው። ባሕር ዛፍም ይሆናል፤ ነገር ግን በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተርም ሚስማሩ ይላላል። ምስጥ የነካው ወይም የተሰነጠቀ ጣውላ አይወሰድ።

የሚያስፈልጉት፦ 1 ሜትር ርዝመት፣ 25 ሳ.ሜ. ስፋትና 2 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ጣውላ፤ 6 ሳ.ሜ. ርዝመት ያላቸው 12 ሚስማሮች፤ መጋዝ፣ መዶሻና እርሳስ ወይም ከሰል ናቸው።

ልኩ

የበርጩማው ከፍታ ከልጁ ጉልበት በታች ይሁን። ለአምስት ዓመት ልጅ 20 ሳ.ሜ. ይበቃል። ጣውላው በርዝመቱ እንዲህ ይከፈላል፦

መቆሚያው 35 ሳ.ሜ.
አንደኛው እግር 18 ሳ.ሜ.
ሁለተኛው እግር 18 ሳ.ሜ.
ድጋፉ 25 ሳ.ሜ.
ድምሩ 96 ሳ.ሜ.

የቀረው 4 ሳ.ሜ. ለመጋዙ ብናኝና ጫፉን ለማስተካከል ነው። ድጋፉ በስፋቱ 10 ሳ.ሜ. ብቻ እንዲሆን ይሰነጠቃል።

የድጋፉ ርዝመት 25 የሆነው ለምንድን ነው? እግሮቹ ከመቆሚያው ጫፍና ጫፍ 3 ሳ.ሜ. ወደ ውስጥ ይገባሉ። እያንዳንዱ እግር ደግሞ 2 ሳ.ሜ. ይወፍራል። ስለዚህ 35 - 3 - 3 - 2 - 2 = 25 ይሆናል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ከንባብና ከጽሕፈት ጋር ሒሳብም የተሰጠው ለእንዲህ ያለው ሥራ ጭምር ነው። ሒሳቡን በወረቀት ያልሠራ ሰው ጣውላውን አበላሽቶ ያውቀዋል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አሠራሩ

1. ልኩን ምልክት አድርጎ መቁረጥ። ከእያንዳንዱ እግር ታች፣ መሐል ላይ፣ 10 ሳ.ሜ. ስፋትና 4 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው ቁራጭ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን በርጩማው በአራት ማዕዘኑ ይቆማል፤ የወለሉ ጉብታም አያናውጠውም።

2. የሚስማሩን ሹል ጫፍ በመዶሻ መታ አድርጎ ማደልደል። ሹል ሚስማር እንጨቱን እየሰነጠቀ ይገባል፤ የተደለደለው ግን እየሰበረ ስለሚገባ ጣውላው አይሰነጠቅም።

3. ድጋፉን በሁለቱ እግሮች መሐል፣ ከላይ ጫፋቸው ጋር አስተካክሎ ማቆም። ከውጭ በኩል በእያንዳንዱ እግር 2 ሚስማር ይመታል።

4. መቆሚያውን ከላይ መጫን። ከጫፉ 4 ሳ.ሜ. ላይ መሥመር አስምሮ በእያንዳንዱ እግር ላይ 3፣ በድጋፉ ላይ 2 ሚስማር መምታት። የዳርና ዳሩ ሚስማሮች በመሥመሩ ላይ ወደ እግሩ መሐል ትንሽ ጋደል ይበሉ፤ ቀጥ ካለው ይልቅ እንዲህ የገባ በቀላሉ አይነቀልም።

5. የሚስማሩን ራስ እንጨቱ ውስጥ ማስጠም። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ።

ሥራው ሲያልቅ ከፊት ለፊት ቢያዩት የ«በ»ን ፊደል ይመስላል። በርጩማ የሚለው ቃልም የሚጀምረው በዚሁ ፊደል ነው። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ካለ ያሳዩት።

ልጁ ከመውጣቱ በፊት

መጀመሪያ አዋቂ ይቁምበት። አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ይደገፍ። ከተንቃጨለ ሚስማር ይጨመር፤ ከተንገዳገደ የረዘመው እግር ይሞረድ። ከዚያ በኋላ በእጅ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ ስንጥር አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው።

በርጩማው ቦታው ከውሃው ጀሪካን ሥር ነው። ወደ ምድጃው፣ ወደ ጉድጓዱ ወይም ወደ መስኮቱ መወሰድ የለበትም። ልጁ እጁን ታጥቦ ሲጨርስ «በርጩማህን ከግድግዳው አስጠጋ» ማለት ይልመድባችሁ። ያን ጊዜ ዕቃው የራሱ ይሆናል፤ ማሰሮ መድፋቱንም ይተዋል።

መልመጃ

1. ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለመቀመጥ የሚሆነው፣ ለመቆም የማይሆነው ለምንድን ነው?
2. የጣውላው ውፍረት 3 ሳ.ሜ. ቢሆን ድጋፉ ስንት ሳ.ሜ. ይሆናል?
3. በቤታችሁ ልጅ ምን ላይ ወጥቶ ውሃ ይቀዳል? ተመልከቱና ጻፉ።

የ2ኛው መልስ፦ 35 - 3 - 3 - 3 - 3 = 23 ሳ.ሜ.