አሮጌ ኮምፒውተርን መጠገንና ምትክ ቺፕ መፈለግ፦ ለሆሳዕናና ለአካባቢው ከተሞች ጥገና ባለሙያዎች

መግቢያ

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በአንጋጫ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው። «ቺፑ ተቃጥሏል፤ መለዋወጫውም አይገኝም» ይባልና ዕቃው ወደ መጋዘን ይገባል። ትምህርት ቤት ከሆነ በአንድ ኪቦርድ ላይ የሚሰበሰቡት ተማሪዎች ይበዛሉ፤ የጽሕፈት ሥራ የሚሠራበት ሱቅ ከሆነ ደግሞ የቤተሰቡ ገቢ ይቆማል። ስለዚህ ይህ ፍርድ በቀላሉ መሰጠት የለበትም።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን ለመመለስ ይሞክራል። ቺፑ በእርግጥ መሞቱን በምን እናውቃለን? ከሞተስ ምትኩ ከየት ይመጣል? ለማስረጃነት ሁለት ማሽኖችን እንጠቀማለን። አንዱ በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ የምናውቀው ፔንቲየም 4 ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የተባለ የቤት ኮምፒውተር ነው። ይህ ሁለተኛው በአካባቢያችን የተለመደ ባይሆንም፣ ቺፖቹ ትልልቅና ቁጥራቸው በግልጽ የሚነበብ በመሆናቸው ለመማሪያ እጅግ ይመቻል።

1. ከቺፑ በፊት ኤሌክትሪኩን መመርመር

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ምንጊዜም ፓወር ሰፕላይ ነው። የአገራችን መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣ ዕቃ በ230 ቮልት ስለሚሠራ በዚህ በኩል ችግር የለበትም። ከአሜሪካ የሚመጣው ግን ለ120 ቮልት የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። በብዙ አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ አለ። መቀየሪያው 115 ላይ እንዳለ 220 ከተሰካበት ጧ ብሎ ይቃጠላል። ደግነቱ በዚህ ጊዜ በአብዛኛው የሚጎዳው ፓወር ሰፕላዩ ሲሆን ማዘርቦርዱ ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ በሌላ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ሳይሞከር «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ማለት አይገባም።

ምርመራው ቀላል ነው። ፓወር ሰፕላዩን ከማዘርቦርዱ ነቅሎ፣ ከትልቁ ሶኬት አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ማገናኘት ነው፤ ጤነኛ ከሆነ ይነሳል። ከዚያ በቴስተር ይለካል። ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 ቮልት መስጠት አለበት። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ለሚከፍት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ከተነቀለም በኋላ ወደ 310 ቮልት የሚጠጋ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ሰው ይጎዳሉ።

ኮሞዶር 64 በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት ዲሲና 9 ቮልት ኤሲ ይሰጣል። ሲያረጅ ግን የ5 ቮልቱ መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ቮልቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ የራም ቺፖቹ ይቃጠላሉ። ፓወር ሰፕላዩን ሳይለካ ቺፕ የሚቀይር ሰው አዲሱንም ቺፕ ያቃጥላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን መለካቱ ይቅደም።

2. ካፓሲተር፣ ባትሪና ንክኪ

እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 አካባቢ በተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ጥራት የሌላቸው ካፓሲተሮች ተገጥመው ነበር። እነዚህን በዓይን መለየት ይቻላል፤ አናታቸው ያብጣል ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣሉ። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ወዲያው ቢጠፋ ወይም በየመሀሉ ራሱን ቢያስነሳ መጀመሪያ የሚታዩት እነዚሁ ናቸው። ምትኩ በማይክሮፋራድ እኩል፣ በቮልት እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችልና የውስጥ ሬዚስታንሱ ዝቅተኛ የሆነ መሆን አለበት። ለምሳሌ በ1500 ማይክሮፋራድ 6.3 ቮልት ፈንታ 1500 ማይክሮፋራድ 10 ቮልት፣ ቦታው ከበቃው፣ ይገባል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገለበጠ ይፈነዳል።

ሰዓቱንና ሴቲንጉን የሚረሳ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ሲአር 2032 የተባለችውን የ3 ቮልት ባትሪ ብቻ ነው። ራም ደግሞ አቧራ ስለሚይዘው የወርቅማ ጥርሶቹን በእርሳስ ላጲስ ማጽዳት ይበቃ ይሆናል። በርካሽ የሚታለፈውን ሁሉ ካለፍን በኋላ ብቻ ወደ ቺፕ እንሄዳለን።

3. ቺፕ ሁለት ዓይነት ነው

ቺፕ ከመፈለግ በፊት ዓይነቱን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዓይነት ብዙ ፋብሪካዎች የሠሩት፣ በብዙ ዕቃ ውስጥ የሚገኝ መደበኛ ቺፕ ነው። 74 በሚል ቁጥር የሚጀምሩት የሎጂክ ቺፖች እንዲሁም በኮሞዶር 64 ውስጥ በስምንት ቁጥር የሚገኘው 4164 ራም ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ከስምንቱ አንዱ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ጣት እስኪያቃጥል ቢሞቅ እሱ ይጠረጠራል።

ሁለተኛው ዓይነት ለተወሰኑ ማሽኖች ብቻ የተሠራ ልዩ ቺፕ ነው። የኮሞዶር 64 የድምፅ ቺፕ 6581 እና የምስል ቺፑ እንዲህ ናቸው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1994 ስለከሰረ፣ ምትካቸው ከሞተ ተመሳሳይ ማሽን ካልተፈታ በቀር ኦሪጅናሉን ማግኘት ይከብዳል። የምስሉ ቺፕ ደግሞ ሁለት ነው፤ 6569 ለፓል፣ 6567 ለአሜሪካው ኤንቲኤስሲ። በፓል ለሚሠራ ቴሌቪዥን ቁጥሩን ሳያዩ ማምጣት ገንዘብ ማባከን ነው። መደበኛ የሆነውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ዜድ 80 ፕሮሰሰር እንኳ የመጨረሻ ትእዛዝ የተቀበለው በ2024 ነው።

በፔንቲየም 4 የባዮስ ቺፕም መጠንቀቅ ያሻል። በብዙ ቦርዶች ላይ በሶኬት ስለሚቀመጥ በቀላሉ ይነቀላል። ነገር ግን ያንኑ ቁጥር የያዘ ባዶ ቺፕ አይሠራም፤ የዚያ ማዘርቦርድ ፕሮግራም በፕሮግራመር መጻፍ አለበት።

ቺፕ ላይ ያለው ጽሑፍም ይነበባል። ከቺፑ ስም በታች 8432 የሚል ቢኖር ብዙ ጊዜ በ1984 ዓመት 32ኛ ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አዲስ ነው ተብሎ የተሸጠ ቺፕ ጽሑፉ በአሴቶን ሲጠረግ ከለቀቀ፣ ተፍቆ እንደ አዲስ የተጻፈበት ሊሆን ይችላል።

4. ምትኩ ከየት ይመጣል?

ሀ) ከቅርብ። በየከተማው የቴሌቪዥንና የሬዲዮ መጠገኛ ቤቶች የሞቱ ቦርዶች አይጠፉም። ካፓሲተር፣ ሬጉሌተርና ሎጂክ ቺፕ ከእነዚህ ይገኛል። ከተፈታ ቦርድ የወጣ ካፓሲተር ግን ራሱ ያረጀ ሊሆን ስለሚችል መለካት አለበት።

ለ) ከመጋዘን። የተበላሹ ሦስት ተመሳሳይ ኮምፒውተሮች ካሉ ከሦስቱ አንድ ወይም ሁለት ማስነሳት ይቻላል። የመንግሥት ንብረት ከሆነ ግን በንብረት ክፍል ፈቃድና በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ እንጂ እንዲሁ አይፈታም።

ሐ) ከአዲስ አበባ። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መርካቶ ሄዶ ባዶ እጅ መመለስ ያከስራል። ስለዚህ ለሚሄደው ሰው ስም በቃል ከመንገር ይልቅ የሞተውን ቺፕ ራሱን ወይም ጥርት ያለ ፎቶውን መስጠት ይሻላል።

መ) ከውጭ። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ሰው በደቡብ አፍሪካ ይኖራል። ቺፕ ከፖስታ አይከብድም፤ ለሚመጣ ዘመድ ትክክለኛውን ቁጥር መጻፍ በቂ ነው።

ሲገጠምም፣ የሞተውን ቺፕ በግድ ከመንቀል እግሮቹን በመቁረጫ ቆርጦ አንድ በአንድ በመበየጃ ማውጣት የቦርዱን መስመር ያድናል። ከዚያ ሶኬት መበየድና ቺፑን በሶኬቱ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ለቀጣዩ ጠጋኝ መበየጃ አያስፈልገውም።

ማጠቃለያ

«ቺፑ ተቃጥሏል» የምርመራ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ መሆን የለበትም። ቅደም ተከተሉ ኤሌክትሪክ፣ ካፓሲተር፣ ንክኪ፣ ከዚያ ቺፕ ነው። ቺፕም ከሆነ መደበኛ ነው ወይስ ልዩ የሚለው መልስ ማሽኑ ይድን እንደሆነ ይነግረናል። ዲፓርትመንታችን የተበላሹ ቦርዶችን በዓይነት ለይቶ፣ በላያቸው ያሉትን ቺፖች ቁጥር በአንድ መዝገብ ቢጽፍ ለወርክሾፕ ትምህርትም ለአካባቢው ትምህርት ቤቶችም ይጠቅማል። መዝገቡን ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አጉሊ መነጽር ብቻ ነው።