የመበለቲቱ ዘይትና የክርስቲያን ቤት ዕዳ

በሐዋሳ ከተማ በባህል አዳራሽ ሕዝብ ሲሰበሰብ ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የፋብሪካ ሠራተኛዪቱና ከገጠር የመጣው ገበሬ በአንድ ጣራ ሥር ይቀመጣሉ። ገቢያቸው ልዩ ልዩ ነው፤ የቤት ወጪ ጭንቀታቸው ግን ይመሳሰላል። ይህን ትምህርት የምንጽፈው እነርሱን በማሰብ ነው። ስለ ገንዘብ መናገር የመንፈሳዊ ሰው ተግባር አይደለም የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ቅዱስ መጽሐፍ ዝም ባላለበት ነገር ዝም ልንል አይገባንም።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈው፣ ከነቢያት ልጆች የአንዱ ሚስት ባልዋ ሞቶባት ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። አበዳሪው ሁለቱን ልጆችዋን ባሮች አድርጎ ሊወስድ መጥቶ ነበርና። ሟቹ ሰካራም ወይም ገንዘብ በታኝ ነበረ የሚል ቃል አናገኝም፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው እንደ ነበረ ግን ሚስቱ መስክራለታለች። አንባቢ ይህን በቶሎ አይለፈው። ደግ ሰው ዕዳ ትቶ ሞተ፤ ዕዳውም በልጆቹ ላይ ወደቀ። እንግዲህ ጾምና ጸሎት የቤትን ሒሳብ ከመጠበቅ ነፃ አያደርጉም።

ነቢዩ የጠየቃት በቤትዋ ያለውን ነው። ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም አልነበራትም። ከጎረቤቶችዋ የተዋሰችውም ባዶ ዕቃ ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም። ዘይቱ በበረከት ከበዛ በኋላ የተሰጣት ትእዛዝ ተራ አለው፤ አስቀድሞ ዘይቱን መሸጥ፣ ቀጥሎ ዕዳውን መክፈል፣ ከዚያም በተረፈው ከልጆችዋ ጋር መኖር። ብዙዎቻችን ይህን ተራ ገልብጠነዋል። ደመወዝ ሲገባ አስቀድመን እንኖራለን፤ ከተረፈ እንከፍላለን፤ አይተርፍምም።

በአገራችን ቤተ ሰብን ለዕዳ ከሚዳርጉት ነገሮች መካከል ሠርግና ተዝካር ይገኛሉ። ይህን ስንል የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ማቃለላችን አይደለም። ፍትሐቱ፣ ቅዳሴውና ለነዳያን የሚሰጠው ምጽዋት ለሟቹ ነው፤ የጎረቤትን ድግስ ለመብለጥ የሚታረደው በሬ ግን የሕያዋን ውድድር ነው። ለዚህ ሲል በአራጣ የተበደረ ሰው ሟቹን አላከበረም፤ ልጆቹን ግን ለአበዳሪ አስይዟል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ መዝሙር 14ን ሲተረጉም አራጣ አበዳሪውን ብቻ አልገሠጸም፤ ተበዳሪውም ነፃነቱን ከመሸጥ ያለውን ንብረት ቢሸጥ እንደሚሻል መክሯል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግም አራጣን ያስቀጣል።

ስለ ስለትም ጥቂት እንበል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል በዓል ከሩቅ አገር ሳይቀር ብዙ ተሳላሚ ወደ ሐዋሳ ይመጣል። መልካም ነው። ነገር ግን ሁለት ሳንቲም የሰጠችው ድኻ መበለት የሰጠችው የራስዋን ነው፤ ተበድራ አይደለም።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ብዙ ልጃገረዶች ለመጀመሪያ ጊዜ የወር ደመወዝ መያዝ ጀመሩ። ደመወዙ ጥቂት ነበረ፤ ከእርሱም ላይ የቤት ኪራይ ይከፈላል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስትታገድ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ እንጀራቸውን አጡ። ክፉ ዘመን አስቀድሞ አይነግርም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ዮሴፍ በጥጋቡ 7 ዓመት ከእህሉ ከአምስት አንዱ እንዲከማች መክሮ ነበር። ለእነዚያ ልጃገረዶች ይህን ያህል አስቀምጡ ማለት ጭካኔ ይሆናል፤ ከሃያ አንዱም ቢሆን ግን አይናቅ። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስ ምእመናን ለቅዱሳን የሚሰጡትን በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን እንዲያስቀምጡ ያዘዘው፣ በአንድ ጊዜ የሚከብደው በጥቂት በጥቂቱ ስለሚቀል ይመስለናል። ዕቁባችንም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ጉዳቱ ዕጣ የደረሰው ሰው ያን ሁሉ ለአንድ ቀን ግብዣ ሲያውለው ነው።

ብር እየረከሰ ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ብርን በሣጥን ቆልፎ ከማቆየት ዕዳን መክፈል፣ የስፌት መኪና መግዛት፣ ልጅን ማስተማር ይሻላል። ለድንገተኛ ሕመም የሚሆነው ጥቂት ግን በእጅ ይኑር።

ለካህናት ወንድሞቻችን አንድ ነገር እናሳስባለን። የንስሐ ልጅ ስለ 40 ቀን ተዝካር ሊማከር ሲመጣ፣ ስለ ድግሱ ከመወራቱ በፊት በቤቱ ያለው ምን እንደ ሆነ ይጠየቅ። ያለው ለቅዳሴውና ለጥቂት ነዳያን ምሳ የሚበቃ ከሆነ፣ ይኸው በቂ መሆኑን ካህኑ ራሱ በዘመዶቹና በዕድሩ ሰዎች ፊት ይናገርለት፤ ባለቤቱ ብቻውን ቢናገር ሥሥታም ይባላልና።