ጊደሯ ለምን ትሸጣለች?

በሰሜን ስኮትላንድ፣ በስፔይ ወንዝ ሸለቆ፣ ንጹሕ የአንገስ ከብት ከሚያረባ ቤተሰብ አንድ አያትና የልጅ ልጃቸው የሚሸጡ ጊደሮችን እየለዩ ነው።

ልጅት፦ አያቴ፣ ከዘንድሮ ጊደሮች እኮ ይቺን የሚያህል የለም። ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ ጠጉሯ ጥቁር አንጸባራቂ። ምን አድርጋ ነው የሚሸጧት?

አያት፦ እሷስ መልከ መልካም ናት። እስቲ ጎንበስ በይና የእናቷን ግት እዪ። የፊት ጡቶቿ እንደ ጠርሙስ ወፍረዋል። ባለፈው የካቲት ጥጃዋ መጉረስ አቅቶት፣ አባትሽ እንገሩን እያለበ በጡጦ ሲያጠጣው አነጋ። ይህ ደግሞ በዘር ይወርዳል።

ልጅት፦ እሷ ላይ እኮ ገና አልታየም።

አያት፦ እስኪታይ ነዋ ችግሩ! ዛሬ ብናስጠቃት ዘጠኝ ወር ታረግዛለች። ሴት ብትወልድ፣ ልጅቱ የምትወልደው ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው። የልጅቱን ግት ለማየት ሦስት ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው? እስከዚያ ታናናሾቿም ተወልደው መንጋው ውስጥ ይገባሉ። ለሥጋ የሚያረባ ሰው ላም የሚያኖረው ጥጃዋን ራሷ አጥብታ እንድታሳድግለት ነው።

ልጅት፦ ግን በመዝገብ የገባች ንጹሕ ዘር አይደለችም?

አያት፦ መዝገቡ እናትና አባቷን ይነግርሻል፤ ደግ ላም ትሁን አትሁን አይነግርሽም። እሱም ቢሆን መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1862 ነው። ከአንገስ ዘር ጀማሪዎች አንዱ የሆነው ሂው ዋትሰን በ1808 ኪለር በሚባል ቦታ እርሻ ሲይዝ፣ መነሻው ከአባቱ መንጋ የወጡ ስድስት ላሞችና አንድ ኮርማ ነበሩ። የሚያገላብጠው መዝገብ አልነበረውም፤ ዐይኑ ነበር መዝገቡ። ኦልድ ግራኒ የምትባለው ላሙ 29 ጥጃ ወልዳ፣ በ35 ዓመቷ መብረቅ ገደላት ይባላል። እኔ ዘር የምለው እንዲህ ያለችውን ነው።

ልጅት፦ የከብቶቹ የዘር ስም በእናት የሚወርደውም ለዚህ ነው?

አያት፦ አዎ። ኮርማ ጥቂት ዓመት አገልግሎ ይለወጣል፤ ላሚቱ፣ ልጇ፣ የልጅ ልጇ ግን ከቤት አይወጡም። የባሊንዳሎክን የአንገስ መንጋ ታውቂው የለ? ከ1860 ጀምሮ መንጋው ከዚያው ቤተሰብ እጅ አልወጣም። ኤሪካ የምትባለውን ላም ከአርቢው ዊልያም ማኮምቢ መንጋ ገዝተው አመጧት፤ ዘሯ እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ከሴት ልጆቿ የቱ ይቅር፣ የቱ ይሸጥ የሚለውን ግን በየትውልዱ አንድ ሰው ቆሞ መወሰን ነበረበት። እኛም ቤት ሥራው ይኸው ነው። ነገ የአንቺ ይሆናል።

ልጅት፦ እንግዲያው ዛሬ ልጀምር። የአያቷንም ታሪክ ሳላይ አልፈርድባትም።

አያት፦ ደግ ብለሻል! የወሊድ ደብተሩ መሳቢያው ውስጥ አለ። የአያቷ ግት ደህና ከነበረ፣ አክስቶቿም ጥጆቻቸውን ያለ ሰው እጅ ካሳደጉ፣ መጥተሽ ተከራከሪኝ። ካሳመንሽኝ ትቀራለች። ካላሳመንሽኝ ግን ሐሙስ መኪናው ሲመጣ የምትጭኛት አንቺ ነሽ።