አዲስ ጫማና እግር፤ ከዱብቲ እስከ ሮም

«ስለ ጫማ መጻፍ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ምን ይሠራለታል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለእኔ ግን ጫማ ከማስታወሻ ደብተርና ከመቅረጸ ድምፅ እኩል የሥራ ዕቃችን ነው። ለዘገባ ልምምድ ከዱብቲ ሎጊያ፣ ከሎጊያ ሰመራ ስንል ሰው የምናገኘው ከባጃጅ ወርደን ነው፤ በእርሻው ዳር፣ በገበያው ውስጥ፣ በየሰፈሩ። ሴሚስተር ሲጀመር ደግሞ ብዙዎቻችን አዲስ ጫማ አድርገን እንመጣለን። በሳምንቱ ግማሹ ክፍል እያነከሰ ይገባል። የሚያነክሰውን ስትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ «ሲለመድ ይሰፋል»። እስቲ ይህችን «ሲለመድ ይሰፋል» እንመርምራት።

መጀመሪያ እግር ላይ የሚሆነውን እንይ። አዲስ ጫማ ገና መታጠፍ አልለመደም። በተራመድን ቁጥር እግራችን ሲታጠፍ ጫማው እምቢ ይላል፤ ተረከዛችንም ውስጡ ከፍ ዝቅ እያለ ከጠንካራው ቆዳ ጋር ይፋተጋል። ፍትጊያው ሲደጋገም የላይኛው የቆዳ ሽፋን ከታችኛው ይላቀቅና በመካከሉ ፈሳሽ ይሞላል። «እግሬ ውሃ ቋጠረ» የምንለው ይኸው ነው። ላብ ደግሞ ያባብሰዋል፤ የራሰ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይላጣል። እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰፈር ሙቀት የሚገባበት። በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ካልሲ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይርሳል። ሙቀት የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ እግር ከሰዓት በኋላ አበጥ ይላል፤ ጠዋት ልክ የነበረው 41 ቁጥር በ10 ሰዓት ወጥመድ ይሆናል። የዚህ አገር ሰው ክፍት ጫማ የሚመርጠው እኮ ዝም ብሎ አይደለም!

ስለዚህ ጫማ ከሰዓት በኋላ ቢገዛ ይሻላል፤ ያውም የምታደርጉትን ካልሲ አድርጋችሁ፣ ቆማችሁ፣ ሁለቱንም እግር ለክታችሁ። የብዙ ሰው አንዱ እግር ከሌላው ትንሽ ስለሚበልጥ ልኩ የሚወሰነው በትልቁ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይቅር። «ሲለመድ ይሰፋል» ግማሽ እውነት ናት። ቆዳ ወደ ጎን ጥቂት ይለጠጣል፣ በርዝመት ግን አይጨምርም፤ ከፕላስቲክ የተሠራው ደግሞ ጭራሽ እንደነበረ ነው። ቀስ በቀስ ቤት ውስጥ በቀን አንድ ሰዓት እያደረጉ ማለማመድ፣ ወይም ጎኑን በፎርማ እንዲወጥረው ለጫማ ሰፊ መስጠት ይቻላል። የቋጠረው ውሃ ትንሽ ከሆነ አታፍርጡት፤ ቆዳው ራሱ ከፋሻ የተሻለ መሸፈኛ ነው። ከፈረጠ በውሃና በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ነገር ይሸፈን።

በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ስፖርተኞች ከእኛ የባሰ ጣጣ አለባቸው። ጫማቸው ቁርጭምጭሚት እንዲደግፍ ተብሎ እንደ ጣውላ ጠንክሮ ስለሚሠራ ለማለማመድ ሳምንታት ይፈጃል። አንዳንዱ ዓይነት ሱቁ ውስጥ በምድጃ ይሞቅና እግር ላይ እንዳለ ቅርጽ ይይዛል። ይህን የነገርኩት የክፍል ጓደኛዬ «ታዲያ የዱብቲ ፀሐይ ምን አነሳት?» ብሎ ጫማውን ቆርቆሮ ላይ ሊያሰጣ ነበር። አይሆንም፤ የእነዚያ ጫማ የሚሠራው ሙቀት ሲነካው ቅርጽ ከሚይዝ ነገር ነው። የእኛው ተራ ቆዳ ፀሐይ ላይ ሲውል ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ማስቲሹም ይለቃል።

አሁን ወደ ሙያችን ልምጣ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1960) አበበ ቢቂላ የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ታሪኩ ዛሬም ድረስ «ጫማ የሌለው ድሃ ሯጭ» እየተባለ ይነገራል። አበበ ግን የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ጫማ ብርቁ አልነበረም። ምክንያቱ አዲስ ጫማ ነው። ጫማው ራሱ ገዝቶት ነው ወይስ ከአዲዳስ የተገኘ በሚለው ላይ ጸሐፊዎች ይለያያሉ፤ ለእግሩ እንዳልተስማማው ግን ይተርካሉ። በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ በልምምድ የሚያውቀው ነገር ነበር። አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነንም ተስማማ። በዚያው ውድድር 7ኛ የወጣው አበበ ዋቅጅራም የሮጠው በባዶ እግሩ ነው። ጫማ ጠላቱ እንዳልነበረ ለማወቅ ደግሞ ጥቅምት 1957 ዓ.ም ቶኪዮን ማየት ይበቃል፤ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደገመው። «ለምን ባዶ እግሩን?» ብሎ ያልጠየቀ ዘጋቢ ድህነትን ጻፈ። የጠየቀው ያገኘው ግን ሌላ ሰው ነው፤ 42 ኪሎ ሜትር ከፊቱ እያለ በማይመች ጫማ አልሮጥም ብሎ የወሰነ አትሌት።

ይህ ጥያቄ ከስፖርት ገጽ ውጭም ይሠራል። አጎቴ ዱብቲ ውስጥ የመጋዘን ጥበቃ ነው፤ የስኳር ሕመም አለበት፤ ይህን እንድጽፍም ፈቅዶልኛል። ዕድሜውን በሙሉ ሰንደል ሲያደርግ ኖሮ ለዘመድ ሠርግ ጥቁር ሽፍን ጫማ ገዛ። ሁለት ቀን ሙሉ አድርጎት ዋለ። አላመመውም። ሦስተኛው ቀን ካልሲው ላይ ደም ያየችው ልጁ ናት። «አላመመኝም እኮ!» እያለ ሳምንት አሳለፈ፤ ከዚያ ጣቱ ጠቆረ። የታከመበት ቦታ ነርሷ ገና ቁስሉን ሳትነካ «አባባ፣ በቅርቡ አዲስ ጫማ አድርገው ነበር?» አለችው። ጫማውን አስመጥታ እጇን ከታች አስገብታ ዳበሰች፤ ጣቱ በሚያርፍበት በኩል ጠንካራ የስፌት ጠርዝ ነበር። እኛ ቤተሰቡ ስለ ምግቡ፣ ስለ ኪኒኑ፣ ስለ ቡዳ ሳይቀር አውርተን ነበር፤ ጫማውን የጠየቀ አልነበረም። ጣቱ ተቆረጠ። ቁስሉ እስኪደርቅ 4 ወር ተመላልሷል።

ነርሷ እንዳስረዳችን የስኳር ሕመም ሲቆይ የእግርን ነርቮች ይጎዳል፣ የደም ዝውውሩንም ይቀንሳል። እኛን የሚያስነክሰን ሕመም ለእነሱ አይደርሳቸውም፤ የተላጠውም ቶሎ አይድንም፣ ያመረቅዛል። «ሲለመድ ይሰፋል» ለተማሪ የሁለት ቀን ማነከስ ናት፤ ለአጎቴ ጣት ሆነች። አሁን ልጁ ማታ ማታ እግሩን ታጥበዋለች፣ በጣቶቹ መካከል ያለውን በደንብ ታደርቃለች፣ መርገጫውን በባትሪ ታያለች። ጠዋት ጫማ ከማድረጉ በፊት እሱ ራሱ ውስጡን በእጁ ይዳብሳል፤ ጠጠርም፣ ስፌትም ሊኖር ይችላላ። ቤታችሁ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ካለ እናንተም ይህንኑ አድርጉለት። ትንሽ መላጥ እንኳ ካያችሁ «ያምሃል ወይ?» ብላችሁ መልሱን አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ጫማውንም ይዛችሁ ሂዱ።