ዲስኩ ሲሰፋ ነባሮቹ ፋይሎች የት ይሄዳሉ?

በዲላ ዙሪያ ያለ የጌዴኦ ገበሬ ከጓሮው አጠገብ ቁራጭ መሬት ቢጨመርለት፣ የቆመውን ቡና፣ እንሰትና የጥላ ዛፍ ነቅሎ በሰፋው ይዞታ ላይ እንደ አዲስ አያከፋፍልም። ነባሩ ባለበት ይቆያል፤ አዲሱ ተክል ወደ አዲሱ መሬት ይሄዳል። የኮምፒዩተር ዲስክ ሲሰፋ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይሁን እንጂ ዲስኩ በእጥፍ ሲያድግ ፋይሎቹ በሰፊው ቦታ ላይ በእኩል የሚበተኑ፣ ኮምፒዩተሩም ወዲያው የሚፈጥን የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ውድ አንባቢያን፣ ይህን ግምት አብረን እንመርምር።

ለምሳሌነት የመረጥነው በሊኑክስ ላይ የተለመደውን፣ ኤክስት 4 የተባለውን የፋይል ሥርዓት ነው። የፋይል ሥርዓት ማለት የትኛው ፋይል በየትኛው የዲስኩ ክፍል እንደተቀመጠ የሚመዘግብ አሠራር ነው። ኤክስት 4 ዲስኩን አብዛኛውን ጊዜ 4 ኪሎባይት በሚይዙ ብሎኮች ይከፍላል፤ 32,768 ብሎኮች አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ ይህም 128 ሜጋባይት ነው። እያንዳንዱ ቡድን የተያዘውንና ነጻውን ብሎክ የሚያሳይ የራሱ ካርታ አለው። እንግዲህ 100 ጊጋባይት የሆነ ዲስክ 800 ቡድኖች አሉት ማለት ነው። ወደ 200 ጊጋባይት ሲሰፋ ከነዚህ በስተኋላ ሌሎች 800 ይጨመራሉ፤ ካርታቸው ይዘጋጃል፤ ጠቅላላው ቁጥር ይታረማል። በተለመደው አሠራር የነባር ፋይሎች ይዘት ከቦታው አይነሣም። ማስፋቱ ዲስኩ ሥራ ላይ እያለ በአጭር ጊዜ ሊፈጸም የሚችለውም ስለዚህ ነው።

አዲስ ፋይል ሲጻፍስ? ነገሩ የሚስበው እዚህ ላይ ነው። ኤክስት 4 አንድን ፋይል በተቻለ መጠን ከያዘው ፎልደር አጠገብ ያኖረዋል፤ የሚሽከረከር ዲስክ አንባቢ ጭንቅላት ሩቅ እንዳይጓዝ የታሰበ ዘዴ ነው። (ኤስኤስዲ በተባለው ዲስክ ርቀቱ ይህን ያህል አያሳስብም።) ስለሆነም በነባር ፎልደር ውስጥ የሚጨመር ፋይል በቅድሚያ ቦታ የሚፈልገው በዚያው በተጨናነቀው ሰፈር ነው፤ በቂ ቦታ ሲያጣ ራቅ ወዳለው ያመራል። በፋይል ሥርዓቱ ሥር፣ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የሚፈጠር ፎልደር ግን ሌላ ደንብ አለው። ነጻ ቦታቸው ከአማካዩ ያላነሰ ቡድኖች ይፈለጉለታል። ዲስኩ ሲሰፋ አማካዩ ከፍ ስለሚል የሞሉት ነባር ቡድኖች ከምርጫው ይወድቃሉ፤ ፎልደሩም አብዛኛውን ጊዜ ወደ አዲሱ መሬት ይሄዳል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ዲስኩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተቆራርጠው የተጻፉ ፋይሎች ከሰፋም በኋላ እንደተቆራረጡ ይኖራሉ፤ እንደገና ካልተጻፉ አይጠገኑም። የተማሪዎችን ውጤት የያዘ ሰርቨር ጢም እስኪል መጠበቅ የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ማጥበብ ግን ፈጽሞ የተለየ ሥራ ነው። በሚቆረጠው ጫፍ ያለው ሁሉ ወደ ቀሪው ስፍራ መነሣት፣ አድራሻውም መታረም አለበት፤ ያፈራ ቡና ነቅሎ እንደማዛወር ነው። ኤክስት 4 ከአገልግሎት ሳይወጣ አይጠብም፤ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል። ቅጂው በሌላ ዲስክ ሳይቀመጥ ሥራው እንዳይጀመር እንመክራለን። ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ፦ ሲሰፋ ቀድሞ የሚያድገው ፓርቲሽኑ ነው፤ ሲጠብ ግን ቀድሞ የሚያንሰው የፋይል ሥርዓቱ ነው። ይህን ያፋለሰ ሰው ፋይሎች ያሉበትን መሬት ይቆርጣል።